ግራፋይቱን ያዳነው ፈሳሽ

እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፤ እሱን ላውጋችሁ።

የሊቲየም ባትሪ ሲነሳ ሦስት ስሞች ይጠራሉ፤ ዊቲንግሃም፣ ጉድኢናፍ እና ዮሺኖ። በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተካፈሉ ናቸው፤ ይገባቸዋል። የእኔን ልብ የያዘው ግን አንድ ሞሮኳዊ ነው። ራሺድ ያዛሚ ይባላል፣ የፌዝ ከተማ ልጅ።

ያዛሚ በ1980 ገደማ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ ወጣት ተመራማሪ ነበር። የሚሠራው በግራፋይት ላይ ነው። ግራፋይት ያው የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ስስ የካርቦን ንጣፎች፣ ሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብረው። ሊቲየም በንጣፎቹ መሀል ይገባል። ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ ይገባል፣ ስትጠቀሙበት ይወጣል። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ንጹሕ የሊቲየም ብረት በአኖድነት፣ ማለትም በባትሪው አሉታዊ ጫፍነት፣ ሲሠራበት፣ በተደጋጋሚ ቻርጅ ሲደረግ እንደ መርፌ የሾለ ነገር ያበቅላል። መርፌው ማዶ ደርሶ አዎንታዊውን ጫፍ፣ ካቶዱን፣ ከነካ እሳት ነው።

ታዲያ ግራፋይት ለምን ወዲያው አልተያዘም? በባትሪው ሁለት ጫፎች መሀል ሊቲየሙን የሚያመላልስ ፈሳሽ አለ፤ ያኔ የተለመደው ፕሮፒሊን ካርቦኔት ነበር። ፈሳሹ ከሊቲየሙ ጋር ተያይዞ ይገባና ንጣፎቹን ይገነጣጥላቸዋል። ያዛሚ ፈሳሹን ትቶ በጠጣር ፖሊመር፣ ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ሞከረው። ሊቲየሙ ገባ፣ ወጣም። ጠጣሩ ፖሊመር ግን በተራ የክፍል ሙቀት ሊቲየምን በደንብ አያሳልፍም፤ ለስልክ አይሆንም። ስለዚህ ዮሺኖ በ1985 የፔትሮሊየም ኮክ፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ሌላ የካርቦን ዓይነት፣ ተጠቀመ። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ባትሪም ግራፋይት አልነበረበትም።

በ1990 ካናዳ ውስጥ ጄፍ ዳን እና ባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ፈሳሹ ውስጥ ኤቲሊን ካርቦኔት ሲገባ ግራፋይቱ አይፈርስም። በመጀመሪያው ቻርጅ ከፈሳሹ ጥቂቱ ይበላሽና በግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ሊቲየምን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ያግዳል።

እኔን የሚደንቀኝ የሁለቱ ካርቦኔቶች ልዩነት ነው። ፕሮፒሊኑ በአንድ ሃይድሮጂን ቦታ አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጂን ጋር አለው፣ በቃ! በዚያ ላይ ኤቲሊን ካርቦኔት የሚቀልጠው 36 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ብቻውን ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠ ጠጣር ነው። እሱን ለፈሳሽነት ማን ያስበዋል?

ግራፋይቱ እኮ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያው ግራፋይት ነበር። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ነገሩ ወደ ክፍል ይከተለኛል። ተማሪዎቼን «አልሠራም ብላችሁ አትጻፉ፤ ከምን ጋር እንዳልሠራ ጻፉ» እላቸዋለሁ።

ያዛሚ በ2014 ድሬፐር የተባለውን የምህንድስና ሽልማት ከጉድኢናፍ፣ ከሶኒው ኒሺ እና ከዮሺኖ ጋር ተቀብሏል። ኖቤል ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ሕግ ያስቆጨኛል። አፍሪካ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ይህን ስም በትምህርት ቤት መጽሐፉ ውስጥ ማግኘት አለበት።

አሁን ተረኛው ሲሊከን ነው። በክብደት ሲሰላ ከግራፋይት አሥር እጥፍ ገደማ ሊቲየም ይይዛል፤ ግን ሲሞላ ከሦስት እጥፍ በላይ ያብጣል፣ ሽፋኑም በየጊዜው ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሲሊከኑ ነው። እኔ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የማየው ከየትኛው ፈሳሽ ጋር እንደሞከሩት ነው።