ጳጉሜ ላይ አምስት ዘፈን ብቻ

እንዴት አመሻችሁ። እስቲ ማይኩን ትንሽ ከፍ አርጉልኝ፣ ሮክ እሰማለሁ እንጂ ድምፄ የሮክ አይደለም። እሺ፣ ተሰማሁ? ጥሩ።

"ስለምትሰማው ሙዚቃ አስር ደቂቃ አውራልን" ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እድሜ ልኬን ሰው "ቀንሰው!" ሲለኝ ነው የኖርኩት፣ "አውራልን" ያለኝ የለም። ደግሞ ሀዋሳ ውስጥ ሮክ ሰሚ የለም እንዳትሉ፣ አለን፣ ጥቂት ነን እንጂ። ባጃጅ ውስጥ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ለብቻው ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ፣ ከኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ ፕሌይሊስት እሰራለሁ፣ በኛው አቆጣጠር፣ ለአንድ ወር 12 ዘፈን። 11ዱን እኔ እሞላለሁ፣ አስራ ሁለተኛዋ ቦታ የእንግዳ ናት፣ በዛ ወር ያገኘሁት አንድ ሰው ይመርጥልኛል። ለጳጉሜ ደግሞ በቀኗ ልክ 5። በ2015 ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች 6 ገብቷል፣ ቀጣዩ በ2019 ነው፣ ያቺን ስድስተኛ ቦታ ከአሁኑ የሚለምኑኝ ጓደኞች አሉኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ህጉ አንድ ነው፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ሊስቱ አይነካም። ጎበዝ ሰሚ ነኝ ብዬ የማሳይበት አይደለም፣ በዛ ወር ደጋግሜ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፣ አሳፋሪም ቢሆን ይገባል። የ2014 ታህሳስ ላይ ፀጉራቸውን በስፕሬይ ያቆሙ የፈረንጆቹ 80ዎቹ ባንዶች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ግን አሉ፣ አልፍቃቸውም።

የምጽፈው ደብተር ላይ ነው፣ በእስክሪብቶ። በዚህ ዘመን? ትሉኝ ይሆናል። በፊት ኦንላይን ነበር እኮ የምሰራው። አንድ ቀን የድሮ ሊስቴን ስከፍት ከ12ቱ አራቱ ግራጫ ሆነው "ተሰርዟል" ይላሉ፣ ስማቸው እንኳን የለም። የጫነው ሰውዬ ሲያወርደው ወይ ባለመብቱ ሲያስወርደው ስሙም አብሮ ይሄዳል ለካ። አራቱን ለማስታወስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ሶስቱን አገኘኋቸው፣ አንዱ እስከዛሬ የለም፣ ዜማውን አፏጨዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን በቃ ጠፋ። በማግስቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ የዘፈን ተራ ላይ ለምን እንደዚህ ድርቅ እንደምል እንዲገባችሁ። ኢንተርኔት እንዲህ እጃችን ላይ ሳይገባ ዘፈን የምናስጭነው ሚሞሪ ላይ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ፣ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ትሄዳለህ፣ ሚሞሪህን ትሰጣለህ፣ ልጁ "ምን ልጫንልህ" ይላል፣ "ሮክ" ስትለው ሬጌ ይጭንልሃል። አንዱ ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን በፈረንጆቹ የ1973 አልበም፣ ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙንን፣ ሙሉውን ጫነልኝ። አልበሙ 10 ትራክ ነው፣ በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል፣ ዘፈኖቹም አብዛኞቹ የተያያዙ ናቸው፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። ስልኬ ይሄን ምን አውቆ፣ በፊደል ተራ ነው የደረደረው። ስለዚህ እኔ ጋ የመጨረሻው ዘፈን አራተኛ፣ የመጀመሪያው ሰባተኛ ሆነ። አስቡት፣ አራተኛው ላይ ልቡ ድም ድም እያለ ይጠፋል፣ አምስተኛው ላይ የለም፣ ስድስተኛው ላይ የለም፣ ሰባተኛው ላይ ከሩቅ ድም... ድም... ብሎ ይነሳል። እኔ ደግሞ ሰውዬው ሞቶ በሶስተኛው ተነሳ ብዬ ተረጎምኩት! ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ትርጓሜ ሰው እየያዝኩ አስተማርኩ። አንድ ጓደኛዬ በትዕግስት ሰምቶኝ ሲያበቃ "እሺ፣ ግን ዘፈኖቹ ለምንድነው ጫፋቸው ላይ ቁርጥ የሚሉት?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። ትክክለኛውን ተራ ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። የኔዋ ትንሳኤ ነበራት።

ከዛ ወዲህ ተራ ለኔ ቀልድ አይደለም። ሊስቴን ሸፍል አድርጎ፣ ተራውን አዘበራርቆ፣ የሚሰማ ሰው፣ ምን ልበል፣ ይብላኝለት።

ዘንድሮ መጋቢት ባዶ ገፅ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፣ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ እኛ ቤት 55 ቀን ዘፈን የለም፣ የዘንድሮው ደግሞ መጋቢትን ከነነፍሱ ዋጠው። ተከራክሬ አይቻለሁ፣ "እማዬ፣ ግጥም የሌለው በመሳሪያ ብቻ የሆነስ?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ልጄ፣ ጩኸቱ ራሱ ስጋ ነው" አለችኝ። ምን ይመለሳል ለዚህ? "መጋቢት 2017" ብዬ ጽፌ ከስሩ 12 ባዶ መስመር ተውኩ። ሚያዝያ 12 ሌሊት ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ገና ዶሮው ሳይቀርብ ስፒከሩን ከፈትኩ፣ እናቴ ከጓዳ "ቀንሰው!" አለች። ፋሲካ ገባ።

ሐምሌ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሐምሌ 12ቱም ብላክ ሳባዝ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው፣ የእንግዳዋን ቦታ ጭምር ነጠቅኩ፣ ይቅርታ። ድምፃዊያቸው ኦዚ ኦዝቦርን ሐምሌ 15 አረፈ፣ በተወለደበት ከተማ በርሚንግሃም ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያዎቹ የባንዱ አባላት ጋር፣ የስንብት ኮንሰርቱን ከሰራ ገና በ17ኛው ቀን። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ሳስብ የነበረው ጊታሪስቱን ቶኒ አዮሚን ነው። ልጅ እያለ፣ በ17 ዓመቱ፣ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነበር የሚሰራው፣ ስራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደው። ግራኝ ስለሆነ ደግሞ ክሩን የሚጫንበት እጅ ቀኙ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ሸጦ ይገላገል ነበር። እሱ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሰራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት፣ በኋላ ደግሞ ክሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ፣ ክር ሲላላ ለጣት ይቀላል፣ ድምፁ ግን ይወርዳል፣ ይከብዳል። ሄቪ ሜታል፣ ከባዱን የሮክ ዓይነት፣ ስንል ያ "ሄቪ"ው ከዛ ቁስል የወጣ ነው ባይ ነኝ፣ ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል። ዝናቡ ደግሞ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ሌላ ሙዚቃ አይሰማም፣ ከቆርቆሮ ጋር መታገል የሚችል ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚያሻክር ነገር፣ ያለው ጊታር ብቻ ነው።

ክራር ካልኩ አይቀር፣ ግንቦት ላይ ከፍቅር ሐይቅ ባጃጅ ይዤ ስመለስ ሹፌሩ ብሉቱዙን ለቀቀልኝ። ደስ ብሎኝ አንድ ረጅም ሶሎ፣ ጊታሩ ለብቻው የሚያወራበት፣ ያለው ዘፈን ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አለ፣ ሶሎው ሲገባ ግን ዝም አለ፣ ከዛ "ክራር ነው እንዴ?" አይለኝም! አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ሰውየው ልክ ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ኖታ አይደል፣ የሮክ ጊታሪስቶች ሶሎ ላይ አብዝተው የሚሮጡበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ነገር እነዛኑ አምስቱን ከሌላ ኖታ መጀመር ነው። የኛዎቹ ሮከሮች ጃኖ ባንድ በ2012 በፈረንጆቹ ኤርታሌ የሚለውን አልበም ሲያወጡ "ሮክና የኛ ቅኝት ምን አገናኘው" ያላችሁ ካላችሁ መልሱ ባጃጁ ውስጥ ነበር። ለማንኛውም የግንቦት እንግዳዬ እሱ ሆነ፣ የመረጠልኝ ግን ሮክ አይደለም፣ ጥላሁን ገሠሠን ነው፣ ገብቷል። ሂሳብ ላይ ግን አልቀነሰልኝም።

አንዴ ህጉን ጥሻለሁ፣ ይሄን ካልተናገርኩ ቀሪው ውሸት ይሆናል። አብሮኝ አንድ ኢርፎን እየተካፈለ የሚሰማ ጓደኛ ነበረኝ፣ ግራው የሱ፣ ቀኙ የኔ። ተኳረፍን፣ በማይረባ ነገር፣ እኔም ተናድጄ እሱ የሰጠኝን የእንግዳ ዘፈን ካለቀ ወር ላይ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት፣ እንዳይነበብ አድርጌ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከዛ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አሁን በቴሌግራም እናወራለን፣ ታርቀናል፣ ግን የቱን ዘፈን እንደሰጠኝ ብጠይቀው እሱም አያስታውስም። ገፁን ከጀርባው በስልክ መብራት አይቼዋለሁ፣ አንድ "መ" ትታያለች።

ዛሬ ጳጉሜ 3 ነው። ሶስቱን ሞልቻለሁ፣ አራተኛውን ነገ አየዋለሁ፣ አምስተኛዋ የእንግዳ ናት፣ ለዚህ ቤት ነው የሰጠኋት። ደብተሩ እዛ ማኪያቶ የሚወጣበት ባንኮኒ ላይ ተቀምጧል፣ ሐሙስ መስከረም 1 ስለሆነ እስከ ረቡዕ ማታ ነው ጊዜው፣ ብዙ ሰው ከጻፈ ቀድሞ የተጻፈው ይገባል። ሬጌም ቢሆን ይገባል፣ ህግ ህግ ነው። እስክሪብቶዋን ግን እንዳትወስዱብኝ።