ከወይራው ሥር ያሉት ሁለቱ ጉብታዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከኋላዬ የምትሰሙት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የጅማ ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ አላባራም። ዛሬ ስለ መቃብር ነው የማወራችሁ።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቤተክርስቲያን አጥር ሥር ነበር የማልፈው። ከመሸ እሮጣለሁ። ጥዱ ውስጥ ንፋስ ሲገባ ሰው በረጅሙ የሚተነፍስ ይመስላል። ግን እየሮጥኩም ዞር ብዬ አያለሁ። እግሬ ይሸሻል፣ ዓይኔ ወደዚያው ይመለሳል።

ካደግኩ በኋላ ሀውልት ማንበብ ጀመርኩ። አንድ መቃብር ላይ ከመስታወት ሥር የተቀመጠች ጉርድ ፎቶ አለች። ወጣት ልጅ ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ለፎቶው የተዋሰው ይመስለኛል። ፀሐይ ፊቱን አደብዝዞታል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ባየሁት ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል። እናቱ ኮቱን ስታስተካክልለት ትታየኛለች።

ባለፈው ጥር ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር በባጃጅ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ታውቁታላችሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ናቸው። መቃብራቸውም እዚያው ጅሬን ነው። ሀምሳ ዓመት ያለፈ ንግሥና፣ ከዚያ ዝምታ። ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። እኔ ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ቆምኩ።

ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ አንድ ነገር ገባን። በእነሱ ሟች በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ ይዞራል። ከጅማ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ስለዚህ ራስ በፀሐይ መውጫ በኩል ይሆናል። በእኛ ደግሞ ራስ በምዕራብ፣ እግር በምሥራቅ ነው፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሱ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። በእጃችን ሣሩ ላይ እያሳየን አየነው። ለካ እዚህ ከተማ የእሷም ሙታን የእኔም ሙታን በአንድ አቅጣጫ ነው የተጋደሙት፤ ራስና እግር ብቻ ነው የተለያየው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። እስካሁን ሳስበው ይነዝረኛል።

ወደ አያቴ ልምጣ። ያረፈች ዕለት የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ሀውልት የማሠራት አቅም አልነበረንም፤ የእንጨት መስቀል ተተከለላት። ሰልስቱም አርባውም አለፈ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ እንጨት አያስተርፍም። መስቀሉ በሰበሰ፣ ሣሩ ከወገብ በላይ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ብፈልግ አጣኋት። የገዛ አያቴ ጠፋችብኝ ማለት ምን ያህል እንደሚያም! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አክስቴ «ከወይራው ሥር ናት፣ በበሩ በኩል» አለችኝ። ወይራው አለ። ከሥሩ ግን ሁለት ጉብታ ነው ያለው፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ምልክት የሌላቸው። አንደኛው የአያቴ ነው። የሌላኛውን ባለቤት የጠየቅኳቸው ሁሉ አያውቁም።

አሁን ፍርሃቱ ለቆኛል። ስሄድ የሁለቱንም ሣር እነቅላለሁ። ጧፍ ሳበራም ሁለት ነው የምይዘው። «አፈሩ ይቅለላችሁ» እላለሁ፣ ለሁለቱም። አክስቴ «ለማታውቂው ሰው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ሳልኖርስ ለአያቴ ጧፍ ያበራላት ሌላ ሰው ቢኖር ብዬ ነው፤ የዚያኛው ቤተሰብም እንደኔ ግራ ገብቶት መጥቶ ይሆናል።

ዝናቡ ጋብ አለ መሰለኝ። ነገ ጠዋት ልሂድ፤ በዚህ ሰሞን ዝናብ ሣሩ ወጥቷል።