በሩን ክፈቱልን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ተማሪዎቻችን፤ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የመምህራንና የማኅበረሰብ ትስስራችን ለአዳዲስ የማስተማር ዘዴዎች ያበረከተው ድርሻ» የሚል ነው። ጥሩ ርዕስ ነው፤ እመጣበታለሁ። ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ከርሜአለሁ። ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

ይህ ትስስር ሲጀመር ስንት እንደነበርን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። የተሰበሰብነው አንደኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለነበሩ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ነበር። በጀት የያዘልን የለም። ደብዳቤ የጻፈልን የለም። አንዲት መምህርት ተነሥታ «ነገ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍሌ ኑና እዩ» አለች። በቃ፣ አጀማመራችን ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

እኔም ሄድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትምህርቱ የክፍልፋይ ድምር ነበር። ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ያን ጊዜ 11 ዓመቴ ነው። በነዚያ ዓመታት «ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ሁለት አምስተኛ» ያለኝን ተማሪ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ቁጭ ነው። እኔስ ምን አደርግ ነበር? በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ። ከዚያ ደንቡን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ። በዓመቱ ያው ስሕተት፣ ያው ቀይ እስክሪብቶ።

በዚያች ክፍል አንድ ልጅ ወጣና ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። መምህርቷ ዳስተሩን አላነሣችም። «ተሳስተሃል»ም አላለችም። «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ መልሱን ልናገርላት ምንም አልቀረኝም። ልጆቹ ረጃጅም የወረቀት ቁራጭ ይዘው ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደግመው ያጥፋሉ። ከዚያ መስኮት ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ እጇን እንኳን ሳታወጣ፣ «ቲቸር፣ ግማሽ ነበረን፣ ጨመርንበት፣ እንዴት አነሰ?» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ልጅ ራሱ ሳቀ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈ፣ ያንኑ መልሶ ለሦስት አጠፈ፤ ሲዘረጋው ስድስት ቤት ሆነለት። ለግማሹ ሦስት ቤት ቆጠረ፣ ለሲሶው ሁለት። ዳስተሩን አንሥቶ የራሱን መልስ አጠፋና አምስት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ። ደንቡን የነገረው ሰው አልነበረም።

እኔ ከዚያ በፊት ስንት ስልጠና ገብቻለሁ። ሁሉም ላይ «ተማሪው ይሳተፍ» ይባላል። እሺ፣ እንዴት? የተሳሳተውን መልስ ላጥፋው ወይስ ልተወው? ዝም ስል እስከ መቼ ነው ዝም የምለው? ይህን ከስላይድ ላይ ማንበብ አይቻልም። ሌላ መምህር ሲያደርገው ማየት ያስፈልጋል። ጃፓን ውስጥ መምህራን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። «ጁግዮ ኬንክዩ» ይሉታል፤ የትምህርት ጥናት ማለት ነው። አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። የሚያዩት ደግሞ ልጆቹን ነው፤ የትኛው ልጅ የት ላይ እንደተያዘ። በመጨረሻ ቁጭ ብለው ይወያዩበታል።

ወረቀት ማጠፉን ወደ ራሴ ክፍል ወሰድኩት። የአንዷ ተማሪዬ አባት አናጺ ናቸው። ልጃቸው ቤት ውስጥ ስታጥፍ አይተው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ይዘዋል። «ይህን ለሦስት እኩል ክፈሉልኝ» አሉ። ልጆቹ 25ን ለ3 ማካፈል ጀመሩ፤ ስምንት ነጥብ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት እያለ አልቆም አላቸው። አናጺው የሜትራቸውን ዜሮ አንዱ ጠርዝ ላይ አስያዙ። ሌላው ጠርዝ ላይ 30 እስኪነበብ ድረስ ሜትሩን አጋደሙት። 10 ላይና 20 ላይ በእርሳስ ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ በየነጥቡ ከጠርዙ ጋር ትይዩ መስመር አሰመሩ። ልጆቹ ለኩት፤ ልክ እኩል ነው።

«ለምን?» አሏቸው።

«እንደሚሠራ እንጂ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሱን አስተማሪያችሁ ይንገሯችሁ» አሉ። ተመሳሳይ ጎነ ሦስት የሚባለውን ትምህርት፣ ገና ወደፊት የሚመጣውን፣ ልጆቹ ያን ቀን ራሳቸው ጎትተው አመጡት። እኔ ማኅበረሰብ ሲባል በዓይኔ የሚመጡት እኚያ አናጺ ናቸው።

አሁን ወደ ሆዴ ልግባ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ባልደረቦቼ የዚያችን መምህርት ክፍል እንዲያዩ ፈቃድ ጠየቅኩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። መልሱ «ክፍለ ጊዜ ይባክናል» የሚል ነበር። ድጋሚ ጠየቅኩ፣ ያው መልስ። በወሩ ግን ሁላችንም ለሦስት ቀን አዳራሽ ተጠራን። ትምህርት ተዘጋ። ርዕሱ «ፈጠራ በትምህርት» ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፈጠራ ተነገረን። አንድም ልጅ አላየንም። አንድም ሰሌዳ አላየንም። የተመለስነው የተሳትፎ ወረቀታችንን ይዘን ነው።

እስቲ ንገሩኝ፤ ክፍለ ጊዜው የባከነው የቱ ላይ ነው?

ያቺ መምህርት የሠራችው ነገር በኋላ «ምርጥ ተሞክሮ» ተባለ። ቅጽ ተዘጋጀለት። በየሩብ ዓመቱ ስንት ተሞክሮ እንዳሰፋን ሪፖርት አድርጉ ተባልን። ሪፖርት ለመጻፍ ጊዜ ይሰጠናል፣ ለማየት ግን አይሰጠንም! ከዚያ ወዲህ እሷ ክፍል አንድም ሰው ሳይገባ የእሷ ዘዴ በወረቀት ላይ ተስፋፋ። ይህ ያማል። እሷንም ያማታል፣ እኔንም ያመኛል። እዚህ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ በክፋት ነው ያደረጋችሁት አልልም። ግን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተከልክያለሁ። ዛሬ በሕዝብ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ጣልያን ውስጥ ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ አጠገብ ቪላ ቼላ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ገና እንዳበቃ የመንደሩ ሰዎች፣ ሸሽተው የሄዱት የጀርመን ወታደሮች የተዉትን ታንክ፣ መኪናዎችና ፈረሶች ሸጡ። በዚያ ገንዘብ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ጡቡን ከፈራረሱ ቤቶች ለቅመው ነው ያመጡት። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰማ። አላመነም። ብስክሌቱን ይዞ ሊያይ ሄደ። አይቶም አልቀረም፤ አብሯቸው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተማዋ የመጀመሪያውን የራሷን የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተች። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ መምህራን እዚያ የሚሄዱት ክፍሎቹን ለማየት ነው። ሁሉም ነገር የተነሣው ሰዎች በሠሩትና አንድ መምህር ሄዶ ባየው ነው።

ኮሎምቢያም እንደዚሁ ነው። የትምህርት ባለሙያዋ ቪኪ ኮልበርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «እስኩዌላ ኑዌቫ» (አዲስ ትምህርት ቤት) የተባለውን አሠራር ለገጠር ትምህርት ቤቶች ዘረጉ። አንድ መምህር ብዙ ክፍል ባንድ ላይ የሚያስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። መምህራኑ አሠራሩን የሚለምዱት የሚሠራበትን ትምህርት ቤት ጎብኝተው ነው። በአቅራቢያ ያሉትም በየጊዜው ተገናኝተው የገጠማቸውን ይነጋገራሉ።

ስለ ቴክኖሎጂም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ታብሌቶቹ ጥሩ ናቸው። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን ለልጆቹ ምንም አይደሉም። ስለ ምዘናም አንድ ቃል፤ ለመማር የገባ ባልደረባ ነጥብ መስጫ ቅጽ ይዞ አይግባ። ነጥብ የሚሰጠው ካየ ማንም በሩን አይከፍትም።

ወላጆች፣ እናንተም ኑ። ያወቃችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ሙያችሁ ምንም ይሁን።

የምጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሌላ ክፍል ገብቶ እንዲያይ ይፈቀድለት፤ የሱን ክፍል በተራ የምንይዝለት እኛው ነን። በመውጫው በኩል ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ ቀኑንና በራችሁ ክፍት የሚሆንበትን ክፍለ ጊዜ ጻፉበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሴን ጽፌአለሁ። ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። የማስተምረው ክፍልፋይ ነው።