አባቱን ማን ጠየቀ?

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ነገ ለተግባር ትምህርት ወደየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ትወጣላችሁ። ብዙ አላደክማችሁም። አንድ የራሴን ቅሌት ልንገራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ እንደናንተው ወደ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተላክሁ። የደራሲ ስም ከኋለኛው ይጀምራል የሚለውን ሸምድጄ ነበር። የአማርኛውን መደርደሪያ በሙሉ በአባት ስም ደረደርኩት። አበበ በቀለ የሚባል ደራሲ ቢኖር «በ» ላይ ገባ ማለት ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አማረልኝ። ግን ማንም የፈለገውን ማግኘት አልቻለም! አንድ ጡረተኛ መደርደሪያውን ሁለቴ ዞሩና፣ «ልጄ፣ አባቱን ማን ጠየቀ? እኔ የምፈልገው ልጁን ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የሚያሳፍረው፣ የካታሎግ ደንቡም፣ የመጻሕፍት ዝርዝር የሚሠራበት ማለቴ ነው፣ የአገሩን ልማድ ተከተሉ ነው የሚለው። እኔ ግማሹን ነበር ያነበብኩት። ሌላውን ግማሽ ያስተማሩኝ እኚያ አባት ናቸው።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር መጥቷል። አንዱ «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ኃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። ካልተስተካከለ ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው። አንባቢው መጽሐፉ የለም ብሎ ወጥቶ ይሄዳል፤ መጽሐፉ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሄ ይሁን፦ ፈልጎ ያጣ ሰው ስታዩ፣ የጠየቀበትን ቃል እንዳለ ጻፉ። አታርሙት።

ሜልቪል ዱዊ መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በቁጥር የምንደረድርበትን ምደባ ያወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። የሃይማኖቱን ክፍል ተመልከቱት። ከ220 እስከ 280ዎቹ ያለው የክርስትና ነው፤ እስልምና 297 ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። የመርካቶ አንባቢ ይሄን ቢያይ ምን ይላል? ሄዳችሁ ጠይቁት።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ታውቋቸዋላችሁ። ሳንፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። አገር ቤት ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ፣ በመኖሪያ ቤታቸው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፉ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ ሄደ። ጋሪውን ከየትኛው ኮርስ ተማሩት ትላላችሁ?

ውጤታችሁን በተመለከተ፣ የየቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችም ይሰጡበታል። ሁለት ሳምንት ፎቶ ተነስቶ የሚጠፋ ተማሪ ሰልችቷቸዋል፤ አልፈርድባቸውም።

መኪናው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ላፕቶፑ ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይ።