ሰራተኛ ሲለቅ ቻናሉስ የማን ነው?

ሰላም ናችሁ! ዛሬ የማወራው ቴሌግራም ላይ ጫማ፣ ልብስ፣ ኮስሞቲክስ ለምትሸጡ ነው። ሻጯ ልጅ ስትለቅ የሱቁን ቁልፍ ትቀበሏታላችሁ አይደል፣ አካውንቶቹንስ? ብዙ ሰው ፓስወርድ ይቀይርና በቃ ጨረስኩ ይላል። ፓስወርድ እኮ ትንሹ ነገር ነው፣ ዋናው አካውንቱ በማን ስልክ ቁጥር ተከፈተ የሚለው ነው። ልጅቷ ሌባ ናት እያልኩ አይደለም ደሞ፣ ነገ ስልኳ ቢሰረቅ ግን የናንተም ሱቅ አብሮ መሄዱ ነው።

(ስክሪን ላይ፦ የጂሜይል ሴኩሪቲ ገጽ)

ከኢሜይሉ ጀምሩ። የፌስቡኩም የቲክቶኩም "ፓስወርድ ረሳሁ" ሲባል ኮዱ የሚመጣው እዛ ነው፣ እሱ ክፍት ሆኖ ሌላውን ብትቆልፉ ምን ዋጋ አለው። ሪከቨሪ (አካውንት ማስመለሻ) ላይ ያለውን የልጅቷን ቁጥር አውጥታችሁ የራሳችሁን አስገቡ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከዛ ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የሷን ስልክ ሳይን አውት አድርጉት። ጉግል ቁጥሩ ከተቀየረ በኋላም እስከ 7 ቀን ድረስ ኮድ ወደ ድሮው ቁጥር ሊልክ ይችላል፣ ስለዚህ ልለቅ ነው ካለችበት ቀን ጀምሩ እንጂ የመጨረሻ ደሞዟን ወስዳ እስክትሄድ አትጠብቁ።

(ስክሪን ላይ፦ የቴሌግራም አድሚን ዝርዝር)

አሁን ቴሌግራም፣ ሰው የሚያለቅስበት። ቻናሉን በራሷ ቁጥር ከከፈተችው ኦውነሯ (ባለቤቷ) እሷ ናት፣ እናንተ አድሚን ብትሆኑም ልታስወጧት አትችሉም፣ እሷ ግን እናንተን ታስወጣችኋለች። ስለዚህ ሳትሄድ በሰላም ቁጭ ብላችሁ ኦውነርነቱን ወደናንተ ትቀይርላችሁ፦ አድሚን ዝርዝር ውስጥ የናንተን ስም ትነካና ፈቃዶቹን በሙሉ፣ አዲስ አድሚን መጨመር የሚለውንም፣ ስታበራ ከስር ትራንስፈር ቻናል ኦውነርሺፕ የሚል ይመጣል። ግን አካውንቷ ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀው ፓስወርድ) ከበራ 7 ቀን ካልሞላው፣ ወይ በዛ ስልክ ከገባች 24 ሰዓት ካልሆናት እምቢ ይላል። አያችሁ፣ እዚህም ሳምንት ነው!

ፌስቡክ ፔጅ ላይ ፉል ኮንትሮል ያላቸውን አይታችሁ አስወጧት። ዋትሳፕ ላይ ሊንክድ ዲቫይስ ውስጥ ገብታችሁ የሷን አስወጡ፣ የሱቁ ዋይፋይ ፓስወርድም ይቀየር።

ቴሌብር ግን ለብቻው ነው። ሲሙ በሷ ስም ከወጣ ፒን ብትቀይሩ ምንም አይጠቅማችሁም፣ ደንበኛ የላከው ብር የሚገባው እሷ ጋ ነው። በራሳችሁ ስም ሲም አውጡና ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን ቁጥር ቀይሩ፣ ቻናሉ ላይ ደሞ ፒን የተደረገችውን (ከላይ የተሰካችውን) ፖስት ቀድማችሁ ኤዲት አድርጉ፣ ሰው ለትዕዛዝ የሚደውለው ፖስቷን አይቶ ነው።

ሄዳለች፣ ስልክም አታነሳም ላላችሁ፣ አድሚንነታችሁ ካልተነሳ ዛሬውኑ በራሳችሁ ቁጥር አዲስ ቻናል ክፈቱና ሊንኩን አሮጌው ላይ ለጥፋችሁ ፒን አድርጉት፣ አብሮ የሚመጣው ሰው ይምጣ።