ክሊኒክ ስገዛ የገዛሁትና ያልገዛሁት

ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ብዙዎቻችሁ «ጡረታ ከሚወጣ ሳይኮሎጂስት ክሊኒክ ብገዛ ያዋጣኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እዚሁ ሜሪላንድ አንድ ገዝቻለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሻጯ በሙያው ያረጁ አሜሪካዊት ናቸው። መጀመሪያ ቢሯቸው ስገባ ዓይኔ ያረፈው የታካሚው ወንበር ላይ ነው። የቀኝ መደገፊያው ጨርቅ ሳስቷል። ሰው ሲጨንቀው በአውራ ጣቱ የሚፈትገው ቦታ ነው። ስንቱ እዚያ ተቀምጦ እንዳለቀሰ አሰብኩ።

የሚሸጠው ምንድን ነው? ዕቃው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የኪራይ ውሉና መልካም ስሙ። አብዛኛው ዋጋ ስሙ ላይ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ ለመልካም ስም የከፈላችሁትን በ15 ዓመት ከፋፍላችሁ ከገቢያችሁ እንድትቀንሱ ይፈቅዳል። ይህን ሒሳብ ሠሪያችሁ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኢንሹራንሱ ላይ ነው። ሻጯ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጋር የነበራቸው ውል በራሳቸው የሙያ ፈቃድ የተያዘ ስለሆነ ለእኔ አልተላለፈም። በራሴ የሙያ ፈቃድ አመልክቼ መጠበቅ ነበረብኝ። ዘግይቼ ስላመለከትኩ ኩባንያዎቹ እስኪቀበሉኝ ሦስት ወር ሙሉ ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ። እናንተ የግዢውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ማመልከት ጀምሩ።

ታካሚዎቹስ? ሰው አይሸጥም። «ይህን ያህል ታካሚ አለኝ» ብሎ በነፍስ ወከፍ ዋጋ የሚቆልልባችሁ ካለ ተጠንቀቁ። ፋይላቸውም ቢሆን አብሮ የሚመጣው ከነግዴታው ነው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያ የአዋቂን ፋይል ከመጨረሻው ቀጠሮ በኋላ 7 ዓመት ጠብቁ ይላል። የየስቴቱ ሕግ ሊለይ ስለሚችል ጠበቃ ጠይቁ።

እኛ ለእያንዳንዱ ታካሚ ደብዳቤ ላክን። ከእኔ ጋር መቀጠል፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ወይም ማቆም ምርጫው የእነሱ ነው አልን። ከዚያ የሚፈልጉትን ከሻጯ ጋር ሆነን አገኘናቸው። አንዲት ሴት (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምናገረው) ሙሉ ሰዓቱን አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። ልትወጣ ስትነሳ ዞር አለችና፣

«ወንበሩን ትቀይሪዋለሽ?» አለችኝ።

«አልቀይረውም» አልኳት። በሳምንቱ መጣች። ወንበሩ ዛሬም እዚያው ነው።

ይህን ስናገር የምታሳስቡኝ ለጡረታ የተቃረባችሁ ታላላቆቻችን ናችሁ። በአማርኛ የሚያክም ሳይኮሎጂስት እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም። የእናንተ በር ድንገት ሲዘጋ፣ ልጇን ያጣች እናት ሐዘኗን በሰው ቋንቋ እንደ አዲስ ልትጀምር ነው። ወይም ጨርሶ ልትተወው ነው። እባካችሁ ከዓመት ሁለት ዓመት በፊት ንገሩን። ገንዘቡን ተበድረንም ቢሆን እንፈልገዋለን። እናንተ ግን ከጎናችን ተቀምጣችሁ «ይቺ ልጄ ናት፣ እመኗት» የምትሉበት ጊዜ ስጡን።

አመሰግናለሁ።