ነጩ ሙሌት ይይዛል ወይ?

ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ? የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለጥርስ ወሬ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ክሊኒክ ውስጥ ሁሌ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ “ዶክተር፣ ነጩ ሙሌት ይይዛል ወይ?” ይይዛል። ግን የሚይዘው ደረቅ ጥርስ ላይ ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህችን ለማስረዳት ነው።

የተበላሸውን ጠርገን ስናበቃ ጥርሱ ላይ ጄል እንቀባለን። 37 በመቶ ገደማ ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ከ15 ሰከንድ በኋላ ታጥቦ ሲደርቅ፣ ሲያንጸባርቅ የነበረው ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ጠመኔ ይመስላል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ወጥተውበታል። ማጣበቂያው እዚያ ሰርጎ በመብራት ሲጠነክር እንደ ሥር ይይዛል። ዘዴውን በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቡኦኖኮሬ ነው። መነሻው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝ አሲድ የሚቀቡ ፋብሪካዎች ናቸው።

ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርሱ ክፍል፣ ዴንቲን፣ ግን እርጥብ ስለሆነ ያስቸግራል። ቀዳዳው ወደ ድድ ሲወርድ ደግሞ ኢናሜሉ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይኖርም። ሙሌት ብዙ ጊዜ የሚከዳን እዚያ ጋ ነው። በዚያ ላይ ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚት የምንለው፣ ሲጠነክር ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ባንዴ ከጠቀጠቅነው ከጥርሱ ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር እያደረግን እንደራርባለን፣ በየመሃሉ መብራት እናበራለን። “አሁንም አላለቀም?” የምትሉን ያኔ ነው።

ጥቁሩ የብረት ሙሌት፣ አማልጋም፣ እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ እያደር ዝገቱ ራሱ ክፍተቱን ይደፍናል። ነጩ ይህን አያውቅም።

ሥራ እንደ ጀመርኩ የአንዲት እናት የኋላ መንጋጋ ሞላሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ጥጡ በምራቅ ርሷል፤ አይቼ እንዳላየ አለፍኩ። በዓመቷ ተመለሱ። ላዩ ያምራል። መመርመሪያዋን ጠርዙ ላይ ስስባት ግን ስልት ብላ ገባች። ስከፍተው ሥሩ ቡናማ ሆኖ እንደ እርጥብ ቆዳ ለስልሷል። ኮምፖዚቱ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አፉን ከፍቶ መቆየት ለማይችል ልጅ “ለጊዜው ግላስ አዮኖመር የሚባለው ሙሌት ይሻላል” ብንላችሁ ርካሽ ነገር ሰጡን አትበሉ። እርጥበትን ከኮምፖዚት የተሻለ ይችላል።

ምራቅ የምንከላከልበትን ስስ ጎማም ይዤ መጥቻለሁ። ልጆች ሲያዩት ይደነግጣሉ፤ እስቲ ከፊት ጀምሮ ይዙር፣ ሳቡት፣ ንኩት።